አታጥፊው

ታኅሣሥ 2

ፕሮጀክተሩን ከትምህርት ቤቱ ተውሼ አመጣሁ።

የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ደጋግማ አስፈረመችኝ። «ለበዓል መብራት? አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ፈትተሃል!» አለች። ዓመቱን ሙሉ የትምህርት ቤቱን አምፖል ስቀይር፣ የተቃጠለ ማብሪያ ማጥፊያ ስፈታ እውላለሁ። በበዓል ሰሞን የራሴን ቤት ባበራ ምን አለበት?

አምና መብራቱን ሊያይ የመጣው ሰው በዛ። መኪና መንገዱን ዘጋው። ማዶ ያለው ጡረተኛ በሩ ተዘግቶበት በፒጃማ ወጥቶ ሲሳደብ አመሸ። ጣውላ ላይ የጻፍኳቸውን ማስታወቂያዎች ንፋስ ጣላቸው፤ የተረፉት ላይ መኪና ሄደባቸው። ዘንድሮ ጽሑፉ በብርሃን ነው። «እባክዎ በር ላይ አያቁሙ»... ንፋስ አይጥለው፣ መኪና አይሄድበት።

ሲመሽ ጋራዡ በር ላይ ሞከርኩት። አይነበብም። የመንገዱ መብራት ዋጠው።

ታኅሣሥ 3

ዘዴው ተገኘ። ፎቅ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል መስኮት ላይ ነጭ አንሶላ መወጠር። ፕሮጀክተሩን ከክፍሉ ውስጥ፣ ከአንሶላው ኋላ ማስቀመጥ። ብርሃኑ አንሶላውን አልፎ ከመንገድ ይነበባል። ጽሑፉ ብቻ መገልበጥ አለበት።

ባለቤቴ አንሶላውን ስወስድ ያዘችኝ።

«አዲሱን?»

«አሮጌው ቀዳዳ አለው።»

«እና እኔ ቀዳዳው ላይ ልተኛ?»

እያጉረመረመች ሰጠችኝ። ሚስማር ስመታ አንሶላውን ቀጥ አድርጋ የያዘችውም እሷ ናት።

አንድ ችግር አለ። በፕሮጀክተሩና በአንሶላው መካከል ያለፈ ነገር ሁሉ ጥላው ከመንገድ ይታያል። ድመቷ አለፈች፤ ጥጃ አከለች። ልጆቹ ውጪ ቆመው በሳቅ ፈረሱ።

ታኅሣሥ 5

እህቴ ክንዷ ተሰብሮ መጣች።

ለሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት ቆማለች። ቀኝ እጇን በሻርፕ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። «ወንድምጋሼ፣ ጫማዬን አውልቅልኝ» አለች። ሰላምታዋ ይሄ ነበር። ጎንበስ ብዬ ፈታሁላት። አንደኛው እግር ካልሲ የለውም።

ባሏ ነው። ጎሚስታው። ከሱቁ ጎማ ሲያነሳ ሲጥል ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ጉልበት ነው» ይላል። እሷ ታውቀዋለች ምን ዓይነት እንደሆነ።

«መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ልወርድ ስል በሩን ዘጋብኝ። ከዚያ ከፈተውና እንደገና ዘጋው።»

«እንደገና» ስትል ድምጿ አልተለወጠም።

ሆስፒታል ወስጄ ጀሶ አስገባንላት። ሐኪሙ ሲጠይቃት ወደቅኩ አለች። ጣቢያ እንሂድ አልኳት። ሳቀች። ባለፈው ሄዳ «ቤታችሁ ገብታችሁ ተነጋገሩ» ተብላ ነው የተመለሰችው። ያን ዕለት ተነጋገሩ። የጎን ጥርሷ የጎደለው ያኔ ነው።

ሌላ ከተማ ጓደኛ አለቻት። ልብስ ስፌት ቤት ትከፍታለች፤ ከበዓሉ በኋላ ነይ ብላታለች። እስከዚያ ትንሿ ክፍል ትቀመጥ። ልጆቹን አያታቸው ዘንድ ላክናቸው፤ ልጅ አፉን አይዝም።

ባለቤቴ «መብራቱን ዘንድሮ ተወው» አለች።

«ብተወው ሰው ለምን ይላል። እሱም ለምን ይላል።»

እውነት ምክንያቴ ይሄ ነው?

ታኅሣሥ 8

በየዓመቱ መሰላሉን የሚይዝልኝ ጎሚስታው ነው። ዘንድሮም መጣ። ምን ብዬ ልመልሰው?

ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሽቦ እያሰርኩ ነበር። የትንሿ ክፍል መስኮት በክንዴ ርቀት ላይ ነው። አንሶላው ተወጥሯል። ከአንሶላው ወዲያ እህቴ ወለሉ ላይ ተኝታለች፤ መምጣቱን ስትሰማ እንደዚያ ታደርጋለች።

«እህትህ የት ናት?» አለ ከታች።

«ሚስትህ አይደለችም እንዴ? እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«እንደሱ ነው።»

መሰላሉ ተንቀሳቀሰ። ትንሽ። መጀመሪያ መሬቱ አልመቸው ብሎ መሰለኝ።

«አማቼ፣ ከዚያ ላይ ሆነህ ሁሉ ይታይሃል። እስኪ ፈልጋት።»

«ተው እንጂ፣ መሰላሉን ያዝ።»

«ይዤዋለሁ እኮ። ይዤው ነው።»

የመሰላሉን እግር ከግድግዳው እየሳበ አራቀው። አሸንዳውን ያዝኩ። መሰላሉ ከሥሬ ሄደ። ተንጠለጠልኩ። አሸንዳው ቆርቆሮ ነው፣ ጣቴን በላው። እሱ እጁን ኪሱ ከትቶ ያየኛል። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰው «አይዞህ፣ በዓል እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደቅኩ።

ጎትቶ አነሳኝ። ሱሪዬን አራገፈልኝ። «እጄ አዳልጦኝ ነው» አለ። የጣቴን ደም በራሱ መሐረብ ጠቀለለልኝ፤ እስኪያመኝ ጠበቅ አድርጎ።

ታኅሣሥ 9

ጉልበቴ አብጧል። ሥራ ቦታ ከመሰላል ወደቅኩ አልኩ። ውሸት አይደለም።

ታኅሣሥ 12

እህቴ ጽሑፎቹን ተረከበችኝ። ቀኑን ሙሉ ተዘግታ ከምትቀመጥ ይሻላታል። ላፕቶፑን በግራ እጇ ትነካካለች። ፊደሎቹን አሰፋቻቸው፣ ቀለም ሰጠቻቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ»። «እባክዎ በር ላይ አያቁሙ»። «ልጆችዎን እጃቸውን ይያዙ»። አንዱ ይጠፋል፣ ሌላው ይመጣል። ከእኔ የተሻለ ሠርታዋለች።

ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ከእሱ ወዲያ መስኮት፣ ከእሱ ወዲህ እሷ።

«መብራቱ በርቶ ሳለ ከዚህ መስመር አትለፊ።»

«ድመቷን ንገራት።»

ማታ ሻይ ሳቀብላት አንድ ጽሑፍ ልታሳየኝ ጠራችኝ። ላፕቶፑ ላይ «እባክዎ ባልዎን በር ላይ አያቁሙ» ይላል። ባለቤቴ መጥታ አየችው። ሦስታችንም አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። ክፉኛ ሳቅን። ከዚያ እህቴ አጠፋችው።

ታኅሣሥ 15

ጠዋት ስወጣ የሰቀልኩት ሽቦ ሁሉ በፒንሳ ተቆራርጦ በሩ ላይ ተከምሯል። እኩል እኩል ተደርጎ። እንደ ማገዶ።

ደሜ ፈላ። ሱቁ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብኝም...

ሱቁ ውስጥ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አለ፤ ውሃ የሞላበት። የተበሳ ካላማዳሪ እዚያ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ነው የሚፈልገው። ጎንበስ ብሎ እየሠራ ነበር።

«ሽቦዬን ለምን ቆረጥከው?»

ቀና አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አማቼ፣ አንተ ውስጥ የታፈነ ነገር አለ። በየት በኩል እንደሚወጣ እንየው።»

ማጅራቴን ይዞ ከተተኝ። ውሃው ላስቲክ ላስቲክ፣ ዘይት ዘይት ይላል። ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ የራሴን አረፋ አየሁት። አወጣኝ።

«የት ናት?»

ሳልኩ። መልሶ ከተተኝ። አሁን ቆየ። ጆሮዬ ውስጥ ደወል የመሰለ ነገር... የበርሜሉን ጠርዝ በሁለት እጄ ብገፋ ብገፋ፣ እጁ ብረት ነው። አወጣኝ።

ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣ ባለታክሲ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። «ኧረ ተው፣ ሰውዬው ይሞትብሃል» አለ። ቀና አላለም።

አልተናገርኩም። ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። የምናገርበት ትንፋሽ አልነበረኝም። አንድ ትንፋሽ ቢሰጠኝ ኖሮ?

ታኅሣሥ 16

እህቴ አንገቴ ላይ የጣቶቹን ምልክቶች አየች። አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ልሂድለት» አለች።

«የት?»

«ቤቴ። አንተን ገድሎ ነው የሚያርፈው።»

ባለቤቴ ትሪውን አልጋው ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው። «ማንም የትም አይሄድም! ሾርባሽን ጠጪ።»

ጠጣች።

ሽቦውን ቁራጭ በቁራጭ ቀጠልኩት። አንሶላውን የያዙት ሚስማሮች እየላሉ ስለሆነ መዶሻውን ላይ ቤት ተውኩላት። መስኮቱ ደፍ ላይ።

«ለሚስማሩ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ታኅሣሥ 19

አበራን።

ሰው ሞላ። ሙዚቃው ከድምፅ ማጉያው፣ መብራቱ ከጣሪያው፣ ጽሑፉ ከላይኛው መስኮት። በር ላይ አንድም መኪና አልቆመም። ጡረተኛው ራሱ መንገድ ተሻግሮ መጣ። ኮት ለብሶ።

«ዘንድሮ እንኳ ሰው ሆናችሁ።»

«እንኳን አደረሰዎት፣ ጋሼ።»

«ጽሑፉን ማነው የሚቀያይረው?»

«ማሽኑ ራሱ ነው።»

ጎሚስታው አልመጣም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስገባ እህቴ ቀይዋ መስመር ጋ ወንበር ላይ ተቀምጣ «አጨበጨቡልኝ፣ ሰማህ?» አለች።

ታኅሣሥ 21

ትናንት አልጻፍኩም።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት አመሻሹ ላይ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ መንገዱ መሃል መኪና አሳልፋለሁ። የአንሶላው አንዱ ጥግ ከሚስማሩ ወለቀ። ጽሑፉ ተጣጠፈ። «እንኳን ደህ»... ከሕዝቡ አንዱ «ባለቤት! ጽሑፍህ ጠጥቷል!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ያህል ለፍቼ።

ደወልኩላት።

«የግራው ጥግ ወልቋል። መልሺው።»

«አጥፍቼ ላስተካክለው?»

«አታጥፊው። አምፖሉ ካልቀዘቀዘ መልሶ አይበራም። ይሄ ሁሉ ሰው ጨለማ ሲያይ ይቆማል?»

«ከመስመሩ አልፋለሁ እኮ፣ ወንድምጋሼ።»

«አንዴ ነው። ፈጠን በይ።»

ፈጠን አለች። ጥላዋ አንሶላው ላይ ወጣ። ፀጉሯ፣ አንገቷ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው የጀሶ ክንድ። ክርኑ እንደታጠፈ። መቀስ ቆርጦ የለጠፈው ይመስል ነበር፣ እንደዚያ ጥርት ብሎ። በግራዋ እየተንጠራራች ጥጉን ስትይዝ ሰው አጨበጨበ።

ዞር ስል የመንገዱ መብራት ምሰሶ ሥር ጎሚስታው ቆሟል። ወደ ላይ ያያል። አላጨበጨበም። አንድ መኪና ሲያልፍ ለቅጽበት ከለለብኝ። ከዚያ ምሰሶው ብቻ ነው ያለው።

ሮጥኩ። በሰው መሃል ምን ሩጫ አለ? «ኧረ ቀስ!» ይሉኛል። የሕፃን ጋሪ መንገድ ዘጋብኝ። ቀና ስል አንሶላው ላይ ሁለተኛ ጥላ አለ። ትልቅ። ጭንቅላቱ ከመስኮቱ አልፎ ተቆርጧል። የእሷን ጥላ በፀጉሯ ያዘው። ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ጭብጨባ። አባቱ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ሕፃን ይስቃል። «ዘንድሮ ድራማም ጨምሮበታል!» አለች አንዷ ከጎኔ። የትልቁ ጥላ እጅ ወጣ፣ ወረደ። ጽሑፉ ተቀየረ። በሁለቱም ላይ «ልጆችዎን እጃቸውን ይያዙ» የሚል አለፈ።

ወጥ ቤት ባለቤቴ ወለል ላይ ናት። አፏ በሙሉ ደም። ልትናገር ሞከረች፤ በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ። በላይዋ ተራመድኩ። ሚስቴን ተራምጃት አለፍኩ።

ላይ... የጀሶ ክንዷን ይዞ መስኮቱ ደፍ ላይ ይመታዋል። ክንዷን እንደ ዕቃ። ጀሶው ተሰንጥቋል። እሷ አትጮህም። አፏን ገጥማለች፤ ከውጪ እንዳይሰማ ይሆን? ልማድ ይሆን? መዶሻው ወለሉ ላይ ወድቋል። አነሳሁት።

ትከሻውን መታሁት። ዞረ። «አማቼ» አለ። ጭንቅላቱን መታሁት። በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያ በፊቱ ተደፋ፤ እጁ ከቀይዋ መስመር ወዲያ ሄደ።

ከዚያስ?

ወድቆ ነበር። አውቃለሁ፣ ወድቆ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደመታሁት አላውቅም። ውጪ ያጨበጭባሉ። ሙዚቃው አለ። ባጨበጨቡ ቁጥር... አይ፣ እንደሱ አይደለም። እኔው ነኝ።

«በቃ! ወንድምጋሼ፣ በቃ!»

እህቴ የፕሮጀክተሩን ገመድ የነቀለችው ያኔ ነው። ጨለመ። ጭብጨባው ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከታች አንድ ሰው «ይደገም!» አለ።

በጨለማው ውስጥ የግራ እጇ እጄን ፈልጎ አገኘው።

«መዶሻውን ስጠኝ።»

«ምን?»

«ስጠኝ። እኔ ነኝ የመታሁት። ክንዴን አይተው ያዝኑልኛል። አንተ ልጆች አሉህ። ስትደርስ አልቆ ነበር፤ ሰማኸኝ?»

ሰጠኋት። ፖሊስ ደረጃውን ሲወጣ መዶሻው ጭኗ ላይ ነበር።

ታኅሣሥ 22

ሞተ። ሆስፒታል፣ ጠዋት።

ባለቤቴ ከንፈሯ ተሰፍቷል። በገለባ ነው የምትጠጣው። የምትፈልገውን በእጇ ታሳየኛለች። እህቴን ሲወስዷት አንድ እጇ በጀሶ ስለሆነ ካቴናውን ግራ እጇ ላይ አድርገው ሌላኛውን ከፖሊሷ እጅ ጋር አሰሩት። ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

ጣቢያ ቃሌን ሰጠሁ። «ስደርስ አልቆ ነበር።» ጸሐፊው «አልቆ» የሚለውን ሲጽፍ ቀና ብሎ አየኝ። ወይስ እኔ ነኝ እንደዚያ የመሰለኝ?

ታኅሣሥ 25

መርማሪው መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን በር ላይ ጠርጎ ገባ። እህቴንም አመጧት። ጡረተኛውን ውጪ፣ የዚያን ዕለት የቆመበት ቦታ አቆሙት። መርማሪው ፕሮጀክተሩን እንዳበራ አዘዘኝ። አበራሁ።

«መንገድ ላይ የነበሩት ሁሉ ድራማ መስሎን ነበር ይላሉ» አለኝ። «እኚህ ጋሼ ብቻ ናቸው ደህና አድርገው ያዩት። ሦስት ጥላ ነበር ብለዋል። የመታው ሦስተኛው ነው፣ ረጅም ነው ብለዋል። ሦስተኛው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ግን ስገባ አልቆ ነበር።»

«አንተ ረጅም ነህ። እሷ አጭር ናት።»

እህቴ ቀይዋን መስመር ታያለች። እኔን አላየችኝም።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ማንም አልጠየቀኝም።

«ጥላ እንደሱ አይደለም» አልኩ። «ወደ መብራቱ የተጠጋ ይረዝማል፣ ወደ አንሶላው የተጠጋ ያጥራል። አጭር ሰውም መብራቱ ጋ ከቆመ ጣሪያ ይነካል።»

መዳፌን ከፕሮጀክተሩ ፊት አደረግኩት። መስኮቱን ሙሉ ሸፈነው። መርማሪው እየሄደ፣ እየተመለሰ ሞከረው። እንደ ልጅ።

«ስለዚህ እሷም ልትሆን ትችላለች።»

«ልትሆን ትችላለች።»

እህቴን መብራቱ አጠገብ አቆሟት። የእንጨት ቁራጭ በግራ እጇ ሰጧት። አነሳች። ከታች ጡረተኛው «አዎ፣ እንደዚህ ይመስል ነበር!» ብሎ ጮኸ።

መርማሪው ጨበጠኝ። «ረድተኸናል» አለ።

ታኅሣሥ 28

ሾርባ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። በሽቦ አጥር በኩል ነው የምታየኝ። ጀሶውን ቀይረውላታል።

መርማሪው በር ላይ አግኝቶኝ ነበር። ራስን መከላከል የሚባለው ሰውየው እስኪወድቅ ድረስ ነው አለኝ። «ከወደቀ በኋላ ግን ተመቷል። ሐኪሙ ጽፎታል። ዳኛው የሚጠይቃት ስለዚያ ነው። ረጅም ዓመት ነው።» አዝኖ ነው የተናገረው።

ከወደቀ በኋላ።

ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ጠበቃው ነግሮኛል።»

«ያዝኑልኛል ብለሽ ነበር።»

«ተሳሳትኩ። ሾርባው ጨው የለውም።»

«እኔ...»

«አፍህን ዝጋ፣ ወንድምጋሼ። እኔ ለምጃለሁ መዘጋት።»

ቤት ስደርስ ስልክ ጠራ። ጓደኛዋ ናት፣ የስፌት ቤቷ። የሰማችው ነገር የለም። «ማሽኖቹ ገቡ። ትመጣለች ወይስ ሌላ ሰው ልያዝ?»

«ትመጣለች» አልኩ።

ባለቤቴ ከወንበሯ አየችኝ። ከንፈሯ ገና አልዳነም። የምታውቀውን ሁሉ በዓይኗ አለችኝ። ልጆቹን፣ ቤቱን፣ ራሷን። ከዚያ ፊቷን አዞረች። እሺ ማለቷ ነው? አይሆንም ማለቷ ነው?

ለምንድነው «ትመጣለች» ያልኩት?

ጥር 2

ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። መርማሪው እስኪመጣ ጠብቅ ብለውኛል። ጠዋት ከቤት ስወጣ ይሄን ደብተር ኪሴ ከትቼ ነበር። ዕቃ ልመልስ ለሚሄድ ሰው ደብተር ምን ይሠራለታል?

ፕሮጀክተሩን ልመልስ ነበር የወጣሁት። መርማሪው ጨርሻለሁ ብሎ ለቆልኛል። የንብረት ክፍሏ ኃላፊ ስታየኝ ተነሳች፤ ነፍስ ይማር ልትል አስባ ለማን እንደምትል ጠፋት። መነጽሯን አደረገች።

«ሳይሞከር አልቀበልም» አለች። «ደንብ ነው፣ አትቀየመኝ።»

«ሞክሪው።»

ሰካችው። ነጭ ብርሃን ባዶው ግድግዳ ላይ ወደቀ። ያረጁ ካርታዎችና የተሰበሩ ወንበሮች ወዲያ ወዲህ ተደርድረዋል። እሷ የተመላሽ ወረቀቱን ልታመጣ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። እኔ ሥራ እንዳልፈታ ብዬ ትርፉን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ። በክርኔና በመዳፌ፣ ሁልጊዜ እንደምጠቀልለው።

ግድግዳው ላይ ክንድ ወጣ። ወረደ። ወጣ። ወረደ።

መብራቱ ጋ ተጠግቼ ነበር። ጭንቅላቴ አይታይም፣ ጣሪያው ቆርጦታል። ክንድ ብቻ ነው። የማንም ሊሆን ይችላል ብዬ ሰው ያሳመንኩበት ክንድ።

የማንም አይደለም። አውቀዋለሁ። ቁልፉ የጎደለው እጅጌ ሲወዛወዝ ሳይቀር ይታያል።

«ይሠራል፣ ጎበዝ» አለች ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ። «እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»

አልፈረምኩም። ገመዱ እጄ ላይ እንደተጠቀለለ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አንተ ሰውዬ! ገመዱን! የት ነው?... ላጥፋው እንዴ?»

«አጥፊው» አልኳት፤ ወጣሁ።